የአያቴን ዕቃዎች ሳሎን ላስገባ ነው፣ ባህል ምግብ ቤት እንዳይመስልብኝ ምን ላርግ?

የዶሮማነቂያ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አያቴ (ነፍሷን ይማረውና) ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤት በ2016 ለልማት ሲነሳ ዕቃው በሙሉ ተጭኖ እናቴ ጋ ሄደ። የእናቴ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ ግማሹን ጓዳ ከታ ግማሹን በረንዳ ላይ በላስቲክ ሸፍና ክረምቱ አለፈ። አሁን በቃ መሯታል፣ "ወይ መጥተሽ ውሰጂ ወይ ለቆራሌው እጠራለታለሁ" ብላኛለች፣ እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

ያለው ነገር ይሄ ነው፦ አንድ ትልቅ የዋንዛ ሳጥን ብረት የታሰረበት፣ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር የስፌት መኪና፣ የከሰል ካውያ፣ ሁለት ፋኖስ (አንዱ ብርጭቆ የለውም)፣ ጣውላው ያማረ ፊሊፕስ ራዲዮ፣ መስታወት ያለው ቡፌ፣ መሶብ ከነክዳኑ፣ አቡጀዲ ላይ የተሳለ የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ሃያ የሚሆን የሙዚቃ ሸክላ፣ ስድስት ጠገራ ብር በመሀረብ የተቋጠረ፣ እና በቆዳ የተሰፋ አንድ ክታብ። ስለ ክታቡ እናቴ "እንዳትከፍቺው" ብላ አስጠንቅቃኛለች።

እኔ ያለሁት ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ግድግዳውን የሞላ ቲቪ፣ በቃ የሁሉም ሰው ቤት የሚመስል ቤት። ባለቤቴ "ሞደርን ነው የምንለው ተባብለን አልነበር እንዴ" ይላል። የኔ ፍርሀት ደግሞ ሌላ ነው፣ አንድ ጓደኛችን ቤቷን "አንቲክ" አደረኩት ብላ ጠርታን ሄድን፣ ከበሮው ማሲንቆው ጋሻው ጦሩ የቀንድ ዋንጫው ሁሉም ግድግዳ ላይ፣ ስቀመጥ ሜኑ የሚመጣልኝ መስሎኝ ነበር፣ ክትፎው ቀረ እንጂ። እንደዛ እንዲሆንብኝ አልፈልግም፣ ግን ደግሞ ለቆራሌው ይሰጥ ሲባል ሆዴን አመመኝ። የቱን ልውሰድ የቱን ልተው፣ ምንስ ላርጋቸው?

ጠገራ፦
እህቴ በመጀመሪያ ምንም ነገር እንዳታጥቢ!! ይሄን ሳታነቢ ቪም ይዘሽ ካልተነሳሽ ማለቴ ነው። እኔ ቸርችል ላይ ከፖስታ ቤቱ ከፍ ብሎ ካሉት ሱቆች በአንዱ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ሰው እቤቱ ያለውን ጥሩ ነገር ሙልጭ አርጎ ፈግፍጎ ካጠፋው በኋላ ነው ይዞት የሚመጣው። ያ ጥቁረቱ እኮ ነው ዕድሜው። ጠገራዎቹን በተለይ አትንኪያቸው፣ በሎሚም በአመድም በጥርስ ሳሙናም አይሆንም፣ የታሸ ብር ሰብሳቢ ጋ ሲሄድ ዋጋው ወዲያው ነው የሚወርደው።

ስለ ጠገራው አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሰው ሁሌ ይሸወዳል። ላዩ ላይ 1780 ይላል አይደል? ያ ማለት በ1780 የተመታ ነው ማለት አይደለም። 1780 ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጅ አመት ነው፣ ከዛ በኋላ በየሀገሩ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። እኛ ሀገር ሰው ያንን መልክ ለምዶ ሌላ ብር አልቀበልም ስላለ። ጣልያን ራሱ ሊወረን ሲመጣ በ1935 በነሱ አቆጣጠር መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመትቷል፣ በአመቱ ደግሞ እንግሊዝ ለንደን ላይ መታ። ስለዚህ የአያትሽ ብር የትኛው እንደሆነ በአይን ብቻ አይታወቅም። እውነተኛ መሆኑን ግን መመዘን ትችያለሽ፣ 28 ግራም ምናምን ነው፣ ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ብሩ ከመቶ 83 ነው። ጎኑን ዳብሺው፣ እንደ ሳንቲም ጥርስ ጥርስ ያለው ሳይሆን ፊደል ወጣ ወጣ ያለበት መሆን አለበት። ማግኔት ከያዘው ደግሞ ያው፣ አዝናለሁ።

ከስድስቱ አንዱ አንበሳ ካለበት እና ፲፰፻፹፯ ከሚል ግን ያ የምኒልክ ብር ነው፣ ፓሪስ የተመታው። እሱን ለብቻ አስቀምጪው።

ሌላው፣ አንቺ ያለሽን ሰው በገንዘብ ሊገዛው ይዞራል። ሱቅ ውስጥ "አሮጌ" ተብሎ የሚሸጠው ግማሹ ባለፈው አመት የተሰራ ነው። መስቀሉን አፈር ውስጥ ይቀብሩታል፣ ስዕሉን እንጨት ጭስ ላይ ይሰቅሉታል፣ ብራናውን ሻይ ያጠጡታል፣ በርጩማውን በጫማ ቀለም ያሹታል። እኔም አሽቻለሁ፣ አልዋሽም 😅 የምታውቂበት መንገድ በአጠቃቀም የሚያረጀውን ቦታ ማየት ነው። እውነተኛ በርጩማ መቀመጫው መሀል ነው የሚያበራው፣ እጅ የሚይዝበት ጠርዝ ነው የሚሳሳው። ሁሉም ቦታ እኩል ካረጀ ሰው ነው ያስረጀው።

ቡፌውን ካልፈለግሽው ኢንቦክስ አርጊልኝ።

ብሌን ዲ፦
ኢንቲሪየር ነው የምሰራው፣ እንደዚህ አይነት ጥያቄ ሳገኝ ደስ ይለኛል፣ ብዙ ደንበኛ የሚመጣልኝ ከፒንተረስት አውርዶ ነውና 🙄

የጓደኛሽ ቤት ለምን ምግብ ቤት መሰለ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ዕቃው ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ዕቃዎቹ የማንም ስላልሆኑ ነው። እሷ ማሲንቆ አትመታም፣ ከቤተሰቧ ጋሻ የያዘ ሰው የለም፣ ሁሉም የተገዛው "ኢትዮጵያዊ" እንዲመስል ነው። ምግብ ቤቱም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ያንቺ አያት ግን በዛ ካውያ ተኩሳለች፣ ሲንጀሩን ረግጣለች። ካውያና ራዲዮ ደግሞ ባህል ምግብ ቤት አይሰቀልም፣ ያ የከተማ ሴት ዕቃ ነው፣ የፒያሳ ዕቃ። እኔ ብሆን የምሄደው በዛ መንገድ ነው፣ "የባህል ቤት" ሳይሆን "የፒያሳ ቤት"።

በተግባር ሲመጣ፦ ሳጥኑ የሶፋ ጠረጴዛ ይሁን። ከፍታውን ለኪ፣ የሶፋሽ መቀመጫ 40 እስከ 45 ሳንቲ ነው የሚሆነው፣ ሳጥኑ ከዛ ካልበለጠ ፐርፌክት ነው፣ ከበለጠ ከበሩ ጎን ግድግዳ ስር አስጠጊውና ላዩ ላይ ራዲዮውን አስቀምጪ። ያለውን ሁሉ በየግድግዳው አትበትኚው፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ምረጪ ሌሎቹን ባዶ ተያቸው፣ ባዶው ነው ዕቃውን የሚያሳየው። ግራጫው ሶፋ ችግር አይደለም እንደውም ነፍስሽን አድኖሻል፣ አሮጌ ጣውላ ከአሮጌ ፎቴ ጋር ቢሆን ነበር ለቅሶ ቤት የሚመስለው። ከቲቪው አጠገብ ግን ምንም እንዳታስቀምጪ፣ ያ ጥቁር ነገር ሁሉን ይውጠዋል።

መብራቱን ቀይሪ። ኮንዶሚኒየም ላይ ሁሉም ሰው የሚገጥመው ያ ነጭ አምፖል ጣውላውን የታመመ ያስመስለዋል። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚለውን ቢጫውን ግዢ፣ ጥግ ላይ ከወለል የሚነሳ አንድ መብራት ይበቃል።

የምትሰቅይውን ደግሞ መሀሉ ከወለል 1 ሜትር ከ50 አካባቢ ይሁን፣ ሰው እዚህ ሀገር ስዕል ሲሰቅል ለምን ኮርኒስ ጋ እንደሚያደርሰው አይገባኝም። እና ከመብሳትሽ በፊት ግድግዳውን አንኳኪ! አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም የውስጡ ክፍልፍል አግሮስቶን ነው፣ ብሎኬት አይደለም፣ ቀላል ፍሬም ይችላል እንጂ ከባድ ነገር ይዞ ነው የሚወድቀው። ብሎኬት ከሆነ ደህና ፊሸር ይበቃዋል።

መሶቡን ከምዕራብ መስኮት አርቂው፣ የስንደዶው ቀለም ፀሐይ ላይ አመት ሳይሞላው ነው የሚነጣው። የንግሥተ ሳባውን ስዕልም እንደዛው፣ ደግሞ ቡና የምታፈይበት ጥግ ላይ እንዳትሰቅይው። የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ቀስ እያለ ያለብሰዋል፣ ያ ደግሞ አቡጀዲ ላይ ከገባ አይወጣም።

አራት ኪሎ ቦይ፦
ሁላችሁም ጥሩ ትናገራላችሁ ግን እውነቱን የሚነግራት ጠፋ። ኮተት ነው። 😂 እኔ ያደኩት እንደዚህ አይነት ቡፌ ያለበት ቤት ነው፣ በየቅዳሜው አቧራውን ስጠርግ ነው ልጅነቴ ያለቀው። ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ትኋን ይመጣል፣ ነቀዝ ይመጣል፣ በረሮ ደግሞ ራዲዮው ውስጥ አምስት ትውልድ ተዋልዷል። በረንዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ክረምት ያለፈበት ጣውላ ይቅርብኝ። ሁለት ነገር ለማስታወሻ ያዢና ሌላውን ሽጪው፣ አያትሽ ራሷ ብትኖር ፍሪጅ ግዢበት ነበር የምትልሽ።

የዶሮማነቂያ ልጅ፦
@ብሌን "የፒያሳ ቤት" ያልሽው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ፣ አመሰግናለሁ። እውነትሽን ነው አያቴ መሶቡን ለበዓል ብቻ ነው የምታወጣው፣ ሲንጀሩ ላይ ግን በየቀኑ ነበረች፣ የሰፈሩን ሰው መጋረጃ ሁሉ እሷ ናት የሰፋችው።
@አራት ኪሎ ቦይ አንተ ደግሞ 😂 ግን አቧራው ሳይሆን ነቀዙ አሳስቦኛል። ሳጥኑን ዛሬ ሄጄ አየሁት፣ ከስር ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ምንድን ነው የሚደረገው? እናቴ የተቃጠለ ዘይት ቀቢው ትላለች።
@ጠገራ ቡፌው አይሸጥም።

ጡረተኛው፦
ልጄ የተቃጠለ ዘይት የምትቀቢው ለአጥር እንጨት ነው፣ ለምስጥ። ቤት ውስጥ ለሚገባ ሳጥን አይሆንም፣ ሽታው ሦስት አመት ነው የማይለቅሽ። ናፍጣም እንደዛው። መጀመሪያ ነቀዙ በህይወት መኖሩን እይ። ሳጥኑን ነጭ ወረቀት ወይ አሮጌ አንሶላ ላይ አስቀምጪውና አንድ ሁለት ሳምንት አትንኪው። እንደ ዱቄት ያለ ነገር ወረቀቱ ላይ ከወረደ አለ ማለት ነው፣ ካልወረደ ቀዳዳው የድሮ ነው፣ ወጥቶ ሄዷል። ትንንሽ ዕቃ ከሆነ በላስቲክ በደንብ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይገድለዋል፣ ሳጥን ግን ፍሪዘር አይገባም። አለ ካልሽ የነቀዝ መድኃኒት በመርፌ በየቀዳዳው ነው የሚሰጠው፣ ከሳሎን ውጪ አየር ባለበት፣ እጅሽን ሸፍነሽ።

ከዛ በኋላ ቫርኒሽ እንዳትቀቢው። ዛሬ አናጺ ሁሉ የሚያውቀው መፈቅፈቅና የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ መቀባት ነው። ዋንዛ ቫርኒሽ አይፈልግም፣ ራሱ ውብ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ትንሽ ሰም አሺው ይበቃዋል። የተልባ ዘይት የሚቀቡም አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የቀባሽበትን ጨርቅ ጨምድደሽ የትም እንዳትጥይው፣ ያ ጨርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ይነሳል። ቀልድ አይደለም። ዘርግተሽ ውጪ አድርቂው ወይ ውሃ ውስጥ ንከሪው።

ወደ ሲንጀሩ ልምጣ፣ እኔ 38 አመት የስፌት መኪና ላይ ነው የኖርኩት። የእጅ መሽከርከሪያውን ወደ ራስሽ አዙሪው፣ ከዞረ አልሞተም። ደርቆ ከሆነ የስፌት መኪና ዘይት አጠጪው፣ የምግብ ዘይት እንዳታደርጊበት ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ከመሰረቱ በስተቀኝ ቁጥር አለ፣ ፊደልም ሊኖረው ይችላል፣ ያ ቁጥር የት ሀገር በየትኛው አመት እንደተሰራ ይናገራል። ብዙው እኛ ሀገር የገባው ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከሚባለው ፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካው በ1980 በፈረንጅ ተዘግቷል። ቁጥሩን ጻፊልኝ እስቲ።

እና አንድ ልመና። አሁን አሁን ወጣቶች ራሱን ነቅለው ጥለው እግሩን ብቻ የእጅ መታጠቢያ ሲያደርጉት አያለሁ። እባክሽን።

ብሌን ዲ፦
ጋሼ ወይኔ 🙈 እኔ ሁለት ቤት እንደዛ አድርጌዋለሁ። ግን ሁለቱም ራሱ የተሰበረ ነበር እምልልዎታለሁ።

ጡረተኛው፦
የተሰበረ ከሆነ ይሁን። ሳይሰበር ከሆነ ግን እግዜር ይይልሽ።

አርባ አምስት፦
ሸክላውን ማንም አላነሳም እንዴ?? ሃያ ሸክላ እኮ ነው ያለችው!
የዶሮማነቂያ ልጅ በናትሽ ላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብቢልኝ። ትንሹ ባለ 45 ዙር ከሆነ እና አምሀ ሪከርድስ ወይ ካይፋ ወይ ፊሊፕስ ካለ ውጪ ሀገር ያሉ ሰብሳቢዎች በዶላር ነው የሚፈልጉት። አምሀ እኮ በ1961 ነው ማተም የጀመረው፣ በዛን ጊዜ ሸክላ እንዲያትም ለመንግሥት ብቻ ነበር የተፈቀደው፣ እሱ ደፍሮ ጀመረ። ደርግ ከመጣ በኋላ ነው እሱም የተሰደደው፣ ኋላ ካሴቱ ተተካ፣ ሸክላው በየቤቱ ሥራ ፈት ሆኖ ቀረ። ስንቱ ለልዋጭ ተሰጥቶ በፕላስቲክ ሳፋ ተለውጧል መሰለሽ፣ ሳስበው ያመኛል።

እባክሽን ግድግዳ ላይ በማስቲሽ እንዳትለጥፊው! ቲክቶክ ላይ እንደዛ የሚያደርጉ አሉ። ሸክላውን ፍሬም ማድረግ ካማረሽ ሽፋኑን ብቻ ፍሬም አርጊ፣ ሸክላው ቀጥ ብሎ ቆሞ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ተደራርቦ ከተኛ ይጣመማል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ እንደ ሰሀን ይጎደጉዳል። ቡፌው ውስጥ መስታወቱ ጀርባ ቢቆም ለአይንም አሪፍ ነው።

ራዲዮውን ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው። የድሮ አምፖል ያለው ራዲዮ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ያረጃሉ፣ አመታት ቆይቶ በድንገት መብራት ሲያገኝ ይፈነዳል ወይ ያጨሳል። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው። ካልተሰራ ውስጡን ሳትነቅይ ከጀርባው ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር አስቀምጪ፣ ድምፁ ከሱ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

አራት ኪሎ ቦይ፦
ቆይ ሸክላ በዶላር ነው ያልከው? የኛ ቤት ቡፌ ስር አንድ ካርቶን ነበረ። እናቴ ጋ ልደውል።

ጠገራ፦
ኮተት ነው አላልክም ነበር? 😂😂

መሪጌታ አይደለሁም፦
ስለ ክታቡ ልናገር፣ ስሜ እንደሚለው መሪጌታ አይደለሁም ግን ቄስ አያት አሳድጎኛል። እናትሽ አትክፈቺው ያለችሽ እንዲሁ አይደለም። ክታብ ለአንድ ሰው ነው የሚጻፈው፣ ውስጡ የባለቤቱ የክርስትና ስም አለበት፣ የብራናው ርዝመት እንኳ በሰውዬው ቁመት ልክ ነው የሚሆነው ይባላል። ስለዚህ እሱ ጌጥ አይደለም፣ የአያትሽ ነው፣ ምናልባትም የአያትሽ እናት። ፈረንጅ ሀገር ሙዚየም ውስጥ ተዘርግቶ ፍሬም ተደርጎ አይቼዋለሁ በፎቶ፣ ያምራል፣ ሥዕሉም አይኑም ያምራል፣ እኔ ግን የራሴን አያት ጸሎት እንግዳ ቢራ እየጠጣ እንዲያነበው አልፈልግም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ክታብን ራሱን አይወድም፣ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ የሚቃወሙት አሉ፣ ያ ሌላ ክርክር ነው።

ከቆዳው ሳታወጪ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። እርጥበት ከነካው ብራናው ይጨማደዳል፣ ደረቅ ይሁን ግን ምድጃ አጠገብ አይሁን። ውስጡ ያለውን ማወቅ ከፈለግሽ የምታምኛቸው አባት ጋ ይዘሽው ሂጂ።

እና በአጠቃላይ ሰዎች፣ ሱቅ ውስጥ ብራና፣ ጽላት የሚመስል፣ የመጾር መስቀል ስታዩ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በ1989 ተሰርቆ ቤልጂየም ሰብሳቢ ቤት ነው የተገኘው። ገዢ ባይኖር ሌባ አይኖርም ነበር። ሳሎን ማሳመር ከፈለጋችሁ በርጩማ አለ፣ ጀበና አለ፣ ምን ጎደላችሁ።

ጠገራ፦
@መሪጌታ አይደለሁም ትክክል ነህ፣ ይሄን ስትል ደስ የማይላቸው የሙያ ጓደኞች አሉኝ ግን ትክክል ነህ። እኔ ራሴ ግዕዝ የተጻፈበት ሲመጣልኝ አልገዛም ነበር፣ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ከአሜሪካ። ጥያቄ ሰርቄ ልግባ ይቅርታ፣ እኔም የናቴ ቤት አንድ የድሮ ጋሻና የጅማ ወንበር አለ፣ ለጥምቀት መጥቼ ይዤ ልመለስ አስቤ ነበር፣ ኤርፖርት ችግር ይኖረዋል?

ጠገራ፦
አዎ ይኖረዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባለው ቅርስ ያለፈቃድ ከሀገር አይወጣም ይላል። ቅርስ ባለሥልጣን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየሙ ጋ ነው፣ ዕቃውን ይዘህ ትሄዳለህ ያዩታል፣ ቅርስ ካልሆነ ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጡሃል፣ ያንን ኤርፖርት ታሳያለህ። ወንበሩ አዲስ ከሆነ አይከብድም። ጋሻው እውነተኛ የድሮ ከሆነ ግን ተስፋ አታድርግ፣ እናትህ ጋ ይቆይና ስትመጣ እየው። የበረራህ ቀን ጠዋት አትሂድ፣ ቀደም ብለህ ሂድ።

ብሌን ዲ፦
@የዶሮማነቂያ ልጅ አንድ የረሳሁት፣ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ባለቤትሽን ይዘሽ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ኢትኖሎጂ ሙዚየም ሂዱ። ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፣ የጃንሆይ መኝታ ቤት አለ። ዕቃዎቹን አትይ፣ በመሀላቸው ያለውን ክፍተት እይ። "ሞደርን" የሚለው ሰውዬሽም እዛ ይለሰልሳል እኔ ነኝ ያልኩሽ።

የዶሮማነቂያ ልጅ፦
ሰዎች ተመልሻለሁ፣ ሦስት ሳምንት አለፈ አይደል። ሁሉንም አንብቤ የሰራሁትን ልንገራችሁ።

ሳጥኑ በጋሼ ምክር አንሶላ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ምንም ዱቄት አልወረደም፣ ነቀዙ ምናልባት በኃይለሥላሴ ጊዜ ነው የወጣው። ሰም ብቻ አሸሁት፣ ያ ዋንዛ እንዴት ያለ ቀለም አወጣ መሰላችሁ። ቁመቱ 52 ሳንቲ ሆነብኝ ስለዚህ የሶፋ ጠረጴዛ አልሆነም፣ ከበሩ ጎን ነው ያለው፣ ላዩ ላይ ራዲዮው፣ ከላዩ የንግሥተ ሳባው ስዕል በመስታወት ፍሬም። ፍሬም ሰሪው አቡጀዲውን ካርቶን ላይ በማስቲሽ ሊለጥፈው ሲል እጁን ያዝኩት፣ ከመስታወቱም ራቅ አስደረኩት። ግድግዳው አንኳኩቼ ብሎኬት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሲንጀሩ መስኮት ስር ነው። ጋሼ መሽከርከሪያው ይዞራል!! ቁጥሩ የሚጀምረው በዋይ ፊደል ነው፣ ቀሪውን ኢንቦክስ አድርጌልዎታለሁ። ቀበቶው ተበጥሶ ነበር፣ መርካቶ ጠይቄ ጠይቄ አዲስ የቆዳ ቀበቶ አገኘሁለት፣ አሁን መጋረጃዬን ልሰፋበት ነው ሀሳቤ፣ እንግዲህ እናያለን።

ካውያው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መጽሐፎቹን ደግፎ ይዟል፣ ከባድ ስለሆነ ለዛ ተመቸ። ብርጭቆ ያለው ፋኖስ ኮሪደር ላይ፣ ሌላው እናቴ ጋ ቀረ። መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበት ነገር እንደሌላት ትዝ አላትና ሁለቱንም ልትይዝ ነበር፣ ተከራክሬ ነው አንዱን ያስቀረሁት። መሶቡንም ራሷ ያዘችው፣ "ለፋሲካ ምን ላይ ላቅርብ ነው የምትይኝ" ብላ። ለቆራሌው ልትሰጥ የነበረችው ሴትዮ ማለት ናት።

ጠገራዎቹ አልታጠቡም፣ ሚዛን ላይ አምስቱ 28 ግራም ሆኑ፣ አንዱ 24 ነው ማግኔትም ይዞታል፣ አያቴ ተሸውዳለች 😭 አንበሳ ያለው የለም። በዛው መሀረብ ቋጥሬ መልሼአቸዋለሁ፣ መሀረቡ ላይ የሷ ጥልፍ አለበት። ክታቡ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ አልከፈትኩትም፣ አልከፍተውምም።

ሸክላዎቹ ቡፌው ውስጥ ቆመዋል። @አርባ አምስት ሦስቱ አምሀ ናቸው፣ ሁለቱ ካይፋ፣ አንዱ ከመሀል ተሰንጥቋል። ባለቤቴ አሁን ማጫወቻ እየፈለገ ነው፣ ሰው ሲመጣ ራዲዮው ጀርባ ያለውን ስፒከር ከፍቶ "የሚስቴ አያት ራዲዮ ነው፣ አሁንም ይሰራል" ይላል፣ ውሸቱን።

አራት ኪሎ ቦይ፦
እናቴ ካርቶኑን ከሁለት አመት በፊት ለልዋጭ ሰጥታዋለች። ሁለት ሳፋና አንድ ጆክ። ሳፋዎቹ አሁንም አሉ።

አርባ አምስት፦
ወንድሜ። ቃል አጣሁ።

ጡረተኛው፦
ዋይ ከሆነ ክላይድባንክ ነው ልጄ፣ ቁጥሩን አየሁት፣ ከጣልያን ወረራ በፊት የተሰራ ነው። መጋረጃውን ስትጀምሪ መርፌውን ቀይሪ፣ የክሩን መወጠሪያ ደግሞ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሪው።

ጠገራ፦
ቡፌው ሸክላ ከያዘ እሺ። ሳጥኑ ግን ለሶፋ ካልሆነሽ...

የዶሮማነቂያ ልጅ፦
አይሸጥም አልኩህ እኮ 😂